ባዶዋን ያልተመለሰች ብልቃጥ

እኛ ሰፈር አቮካዶ ሦስት ሥራ ነበረው፤ ጁስ ይሆናል፣ ላም ትበላዋለች፣ ወይም ከዛፉ ወድቆ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እየተንከባለለ ምሳ በልቶ ያሸለበ ሰው ያባንናል። አራተኛውን ሥራ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ኩራት ነው ካላችሁ፣ ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ ስለዚህ ምስጋናውን ከማንም ጋር አልካፈልም።

ስሜ አስካለ ነው። ይህን ስም የያዘች ሴት በነቀምቴ ሁለት ብትገኝ አንዷ ጡረታ ወጥታለች። አባቴ ከጎጃም በመምህርነት ተመድቦ ሲመጣ ከሻንጣው ጋር የእናቱን ስም ይዞ መጥቶ እኔ ላይ አራገፈው። አሥረኛ ክፍል ላይ ነጥብ ሲጎድለኝ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ "ፀጉር ሥራ ትማር" ብሎ ወሰነ። እኔ ግን ስልኬን ከፍቼ አንዲት ህንዳዊት፣ አንዲት ኬንያዊትና ከእጇ በቀር ምኗም የማይታይ ሌላ ሴት ከአቮካዶ የፊት ዘይት ሲያወጡ ተመለከትኩ። ኔትወርኩ በመሀል ሲጠፋ የቀረውን በገዛ ጭንቅላቴ ጨረስኩት። እውነቱን ለመናገር ከህንዳዊቷ አጨራረስ የእኔ ይሻላል።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቀላል የሚሆነው ግን ለሚችል ሰው ነው። ጣት ሲጫነው እሺ የሚል፣ ውስጡ ያልጠቆረ አቮካዶ ይመረጣል። ሥጋው ይደፈጠጥና ትሪ ላይ በስሱ ይለቀለቃል፤ ፀሐይ ሳይነካው፣ ጥላ ሥር፣ መረብ ለብሶ ሦስት አራት ቀን ይደርቃል። እርጥብ አፈር ሲመስል በንጹሕ ሻሽ ተቋጥሮ ይጨመቃል። በእጅ ቢጨመቅ የሚወጣው የጨማቂው ላብ ብቻ ስለሆነ ክሪክ ያስፈልጋል። አዎ፣ መኪና የሚነሣበት ክሪክ። ክሪኩ የአክስቴ ልጅ የኢቢሳ ነው፤ ከነቀምቴ ወደ አኖ ከተማ ሚኒባስ ይነዳል። አንድ ቀን አኖ መግቢያ ላይ ጎማው ፈንድቶ፣ ክሪኩ እኛ ጓሮ አቮካዶ ላይ ተቀምጦ፣ ተሳፋሪው ወርዶ መኪናውን በትከሻው አነሣ። ኢቢሳ ደውሎ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም። ዘይቱ ግን ጥሩ ወጣ።

ሃምሳ አቮካዶ ተጨምቆ ግማሽ ሊትር ቢገኝ ነው። አረንጓዴ፣ ወፈር ያለ፣ ጠጋ ብሎ ላሸተተው አሁን የታጨደ ሣር የሚሸት። ለደረቀ ቆዳ ሁለት ጠብታ ይበቃል። አያነጣም፣ ማዲያት አያጠፋም፣ ባል አያመጣም። ቆዳ ያለሰልሳል፣ አለቀ። ይህንኑ እየተናገርኩ ነበር መሸጥ የጀመርኩት፤ ስህተቴም እዚሁ ላይ ነው።

"አያነጣም?" አለችኝ የመጀመሪያዋ ደንበኛ።

"አያነጣም።"

"ታዲያ ለምን ብዬ እቀባዋለሁ?"

ሁለተኛዋ ጉንጯን ቀባችና ዓይኗን ጨፍና ቆመች። ምን እየጠበቀች እንደሆነ ጠየቅኳት።

"እስኪያቃጥለኝ።"

"አያቃጥልም እኮ።"

"እንግዲያ አልሠራማ!"

የከተማችን የቁንጅና ሳይንስ ይኸው ነው። ያቃጠለ ሠራ፤ የሸተተ መድኃኒት ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ እውነተኛ ነው። ተፎካካሪዬ ሮብሳን ይህ ከእኔ ቀድሞ ገብቶታል። ሮብሳን በኪሎ የሚሸጥ ነጭ ቅባት ይገዛል፣ አረንጓዴ የምግብ ቀለም ያማስልበታል፣ እንዲያቃጥል ሜንቶል ጠብ ያደርግበታል፣ ክዳኑ ላይ "ኦርጋኒክ አቮካዶ" ብሎ ይለጥፋል። በሕይወቱ አቮካዶ ነክቶ ከሆነ ጁስ ቤት ቁጭ ብሎ በማንኪያ ነው። እሱ ይሸጣል፣ እኔ እከራከራለሁ።

በየካቲት፣ ሁዳዴ እንደገባ፣ ወጣቶችን የሚያደራጀው መሥሪያ ቤት ውድድር አወጣ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ በየዓመቱ ስለሚቀየር ብጠራውም አንባቢ እጅ ሳይደርስ ያረጃል። ለአንደኛ የሚሰጠው ሼድ ነው፤ የብሎኬት ግድግዳ፣ የሲሚንቶ ወለል፣ ማሽን የሚችል መብራትና የራሱ ቧንቧ ያለው የማምረቻ ክፍል። ለሁለተኛ የምስክር ወረቀትና ኮፍያ። ሼዱን ሄጄ በመስኮት አየሁት። ትሪዎቼ የሚደረደሩበትን ግድግዳና መጭመቂያው የሚቆምበትን ጥግ እዚያው ቆሜ መረጥኩ። በእናቴ ጓሮ፣ ዶሮ ትሪዬ ላይ እየተንጎራደደች፣ ሌላ ዓመት መሥራት አልችልም። እናቴም "ከዚህ ጓሮ ወይ ዶሮዋ ትወጣለች ወይ አንቺ" ብላኛለች፤ ይህን ስትል ዶሮዋን የምታይበት ዓይን ወዴት እንደሚያደላ ነግሮኛል።

ደንቡ የሚጠይቀው አንድ ብልቃጥ ምርትና ምርቱን የሞከሩ አሥር ሰዎች የሞሉት ፎርም ነው። እኔ የነበሩኝ ብልቃጦች ደግሞ ልክ አሥር፤ ብርሃን ዘይቱን እንዳያበላሸው ቡናማ የሆኑ፣ ማንጠባጠቢያ ያላቸው፣ ከአዲስ አበባ ተለምነው የመጡ። አሥሩንም ሞልቼ ለአሥር ሴቶች አደልኩና እያንዳንዷን አስጠነቀቅኳት፤ "ዘይቱ የእናንተ፣ ብልቃጧ የኔ። ባዶዋን መልሱልኝ።"

አሥረኛዋ ጎረቤታችን አዴ ቦንቱ ነበሩ። ያ ሁሉ አቮካዶ የሚወርደው ከእሳቸው ዛፍ ነው። እሳቸው ወደው ሳይሆን ዛፉ አጥራችን ላይ ስለተደገፈ ግማሹን ፍሬ እኛ ጋ ይጥላል፤ አዴ ቦንቱም ጥሎሹን "የእግዜር ነው" ብለው ትተውልናል። ወንዝ ወርደው፣ እርሻ ቆመው፣ ገበያ በእግራቸው ደርሰው ያረጁ ሴት ናቸው። ተረከዛቸው ዝናብ የራቀው የጥቁር አፈር ማሳ ነበር፤ ስንጥቁ ውስጥ ጤፍ ቢዘሩበት የሚበቅል። ብልቃጧን ስሰጣቸው በሁለት ጣት ይዘው ወደ ፀሐይ አነሷት።

"ይኼ ላሜ የምትበላው ነው?"

"እሱው ነው፣ አዴ። ግን ተጨምቆ።"

"ቅቤ እያለ?"

"ቅቤ ይሸታል፣ አዴ።"

"ሰው ነዋ የሚሸተው፣ ኢንታላ ኮ! ልጄ፣ የማይሸት ነገር ፕላስቲክ ነው።" ከዚያም ብልቃጧን እንደ ሽሮፕ ነቀነቋት። "ቶሌ። እሺ። ተረከዜን እቀባዋለሁ፤ ፊቴማ ተጋብቶ ጨርሷል።"

ፎርሙን ስሰጣቸው ሳያዩት አራት አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። እዚያ የገባ ወረቀት እንደማይመለስ ገባኝ።

በሦስት ሳምንት ብልቃጦቹ መመለስ ጀመሩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ አገር ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ጎረቤት በሰሐን ጎመን ከላከችልህ ሰሐኑ ቢያንስ ሎሚ ይዞ ይመለሳል፤ ባዶ ዕቃ የመለሰች ሴት ስሟ ከዕቃው በፊት ይደርሳል። "ባዶዋን" ብዬ መለፈፌ ለእነሱ "ባለጌ ሁኑ" እንደማለት ነበር። አንዷ ማር ሞልታ መለሰች፤ ማንጠባጠቢያውን ለማጠብ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አንዷ ሚጥሚጣ። አንዷ ጥሬ ቡና፣ አንድ በአንድ ቆጥራ ያስገባች ይመስል እስከ አንገቷ ጠቅጥቃ። አንዷ የዱባ ፍሬ። ዘጠኙም እንዲህ ተመለሱ፤ ዘጠኝ ፎርምም ሞላልኝ። ሁሉም ላይ ስለ ዘይቱ የተጻፈው በደምሳሳው ያው ነው፤ "ጥሩ ነው ግን አያቃጥልም።"

ለዳኞች ያስቀመጥኩት ግማሽ ሊትር በማሰሮ ጓሮ ነበር። ነበር ነው የምለው፤ ውድድሩ ሰኞ ሊሆን ቅዳሜ ጠዋት ዶሮዋ ገለበጠችው። መሬቱ ጠጥቶ ወዛ። ትሪ ላይ ያለው አዲሱ ደግሞ ለመጨመቅ ሦስት ቀን ይቀረዋል፤ ክሪኩም አኖ ነው። የቀረኝ ለራሴ የምቀባት፣ በትንሽ የቅባት ጣሳ ውስጥ ያለች አንድ ማንኪያ የማትሞላ ጭላጭ ብቻ ሆነች።

እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ የአዴ ቦንቱ ብልቃጥ መስኮታችን ደፍ ላይ ተቀምጣለች። እሳቸው ቸርች ሄደዋል። ብልቃጧ ሙሉ ናት። ክዳኗ ላይ ላስቲክ ተጠቅልሎ በክር ታስሯል። ከሥሯ አራት የታጠፈው ፎርም አለ፤ ነጭ፣ አንዲት ፊደል ያልነካችው።

ንዴቴን ልነግራችሁ አልችልም። "እዪ!" አልኩ ለእናቴ፤ "ጠብታ እንኳ አልነኩም! ስድብ እኮ ነው ይሄ።"

"ምናልባት..." አለች እናቴ።

"ምናልባት የለም! ላሜ የምትበላው አሉኝ፣ ለላማቸው እንኳ አልቀቡም።"

ዘጠኝ ብልቃጥ ሙሉ የተመለሰላት ሴት አሥረኛዋ ለምን እንደሞላች አልጠረጠረችም። ብልህ ነኝ የምል ሰው ነኝ፤ ብልህነቴ ግን ኩራቴ ሲነካ ወጥቶ በር ላይ ይጠብቀኛል። ንዴቱ ሲበርድልኝ እንዲያውም ፈጣሪን አመሰገንኩ፤ ያልተነካ፣ ሙሉ፣ የታሸገ የኔ ዘይት፣ ውድድሩ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው! ላስቲኩን ፈትቼ ስሜን የጻፍኩበትን ወረቀት ለጠፍኩባት። አልከፈትኳትም። የራሴን ዘይት ምን ብዬ አሸታለሁ?

ሰኞ ጠዋት አዳራሹ በፕላስቲክ ወንበርና በባነር ተሞልቷል። ዳኞቹ ሦስት ናቸው። ሰብሳቢው ኦቦ ታፋ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰው፣ ፊታቸው ላይ የቃለ ጉባኤ መዝገብ ዘርግተው ማንም ሳይናገር መጻፍ የጀመሩ። ሁለተኛው መምህር ጫንያለው፣ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ የኬሚስትሪ አስተማሪ፤ ነጭ ጋውን ለብሷል፣ በአዳራሹ ውስጥ ግን ከሱ በቀር የሚመረመር ነገር አይታይም። ሦስተኛዋ ወይዘሮ በዛብሽ፣ የትልቁ የውበት ሳሎን ባለቤት፤ ፊታቸው ከአንገታቸው በሁለት ደረጃ የነጣ፣ አንገታቸው ደግሞ ከእጃቸው።

ሮብሳን ከእኔ በፊት ቀረበ። ወይዘሮ በዛብሽ ጥቂት ቀብተው "ትንሽ ያቃጥላል፣ ጥሩ ነው" አሉና ስምንት ሰጡት። ሮብሳን ወደ ቦታው ሲመለስ ጠቀሰኝ።

"አስካልዬ፣ ኮፍያው ቀይ ነው አሉ። ያምርብሻል።"

"አንተ ሼዱን ብታገኝ ምን ልታመርትበት ነው? ቀለም?"

ተራዬ ደረሰ። ብልቃጧን አቀረብኩ፤ ስለ አደራረቁ፣ ስለ ጥላው፣ ስለ ቡናማው ጠርሙስ ተናገርኩ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አዴ ቦንቱ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ተቀምጠው በኩራት ሲያዩኝ አየሁ። "ደግሞ ሊያዩኝ መጡ!" አልኩ በልቤ።

ወይዘሮ በዛብሽ ክዳኗን ከፈቱ።

መጀመሪያ የደረሰው ኮረሪማው ነው። ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርት። ከኋላ ዝንጅብልና ኮሰረት ተያይዘው ገቡ። ሽታው እስከ አራተኛው ረድፍ ሲሄድ አንድ ሰውዬ ከኋላ ሰዓቱን አየ፤ ምሳ የደረሰ መስሎት ነው።

ይሄ የኔ አይደለም። ይሄ የአዴ ቦንቱ የኑግ ዘይት ነው፤ ለአንጮቴና ለሽሮ የሚያቀምሙት፣ ሰፈሩ ሁሉ በሽታው የሚያውቀው። በአንዴ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። ዘይቴን ጨርሰውታል። ብልቃጧን ባዶዋን መመለስ ነውር ሆነባቸው። ቅቤ እንዳይሞሉ እኛ ቤት ጾም ነው፤ እሳቸው ጴንጤ ሆነው የእኛን ሁዳዴ ቆጥረውልን የጾም ዘይት አቀመሙልን! እኔ ደግሞ "ስድብ" ብዬው ነበር።

አፌን ልከፍት ስል ወይዘሮ በዛብሽ ግንባራቸውን፣ ሁለት ጉንጫቸውንና አገጫቸውን ቀብተው ጨርሰዋል።

"ዋው!" አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው። "ይሄ ነው ናቹራል! ሽታውን እዩት እስቲ፣ አፈር አፈር ይላል!"

መምህር ጫንያለው አንዲት ቁራጭ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ዘይቱ ውስጥ ነከራት። ወረቀቷ ምንም ቀለም አልቀየረችም። ዘይት ውስጥ ያቺ ወረቀት ምንም እንደማታሳይ እኔ፣ አሥረኛ ክፍል የወደቅኩት፣ አውቃለሁ። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። "ሚዛናዊ ነው። ቫይታሚን ኢ በከፍተኛ መጠን አለ። የአቮካዶ ጠባይ ፍንትው ብሎ ይታያል።"

"ፍንትው ብሎ ይታያል" ብለው ኦቦ ታፋ ጻፉ።

"ኦ!" አሉ ወይዘሮ በዛብሽ። "ኦ! አቃጠለኝ!"

"አቃጠለዎት?" አሉ ኦቦ ታፋ፣ ብዕራቸውን አንሥተው።

"በደንብ ነው እንጂ! እየሠራ ነው! እንዲህ ያለ አላየሁም። አሥር! ከአሥር አሥር!"

አዴ ቦንቱ ዘይታቸው ውስጥ ሚጥሚጣ እንደማይረሱ ትዝ አለኝ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሮብሳን ሳያጨበጭብ ወንበሩ ውስጥ ጠለቀ። እኔ ሼዱን በዓይኔ አየሁት፤ ብሎኬቱን፣ ቧንቧውን፣ መጭመቂያው የሚቆምበትን ጥግ። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ዝም በይ ስባል አልሰማሁም፤ ያን ቀን ማንም ሳይለኝ ዝም ብል ሼድ አገኝ ነበር።

ጽድቅ እንዳይመስላችሁ። እኔ ያ ሁሉ አቮካዶ ደፍጥጬ፣ ከዶሮ ጋር ተጣልቼ፣ የሚጨበጨብልኝ በሰው ሽሮ ዘይት ነው? ኩራቴ እንቢ አለ።

"ይቅርታ" አልኩ። "ይሄ የፊት ዘይት አይደለም።"

ጭብጨባው ቆመ።

"የሽሮ ዘይት ነው። ኑግ ነው። የአቮካዶ ጠብታ የለበትም። በስህተት ነው ያመጣሁት።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሮብሳን ከወንበሩ ተነሣ። "ሽሮ! ሰማችሁ? በሽሮ ልታሸንፍ! ከውድድር ትውጣልኝ!"

መምህር ጫንያለው ቀላ። "እኅቴ፣ ደንግጠሻል። እኔ መርምሬዋለሁ። ኑግ ሊሆን አይችልም።"

"ቅመሰው።"

"ላቦራቶሪ ውስጥ አይቀመስም።"

"አዳራሽ ውስጥ ነን እኮ!"

ኦቦ ታፋ ጨንቋቸው መዝገባቸውን እያዩ፣ "እሷ ኑግ ነው ትላለች፤ እዚህ ደግሞ 'የአቮካዶ ጠባይ ፍንትው ብሎ ይታያል' ተብሎ ተጽፏል። የተጻፈ አይሰረዝም። ሥርዝ ድልዝ ያለበት ቃለ ጉባኤ አይፈረምም" አሉ።

በዚህ መሀል ወይዘሮ በዛብሽ ፊታቸውን በወረቀት ማራገብ ጀምረዋል። ነጭነቱ ለቆ እንደ በሰለ ቲማቲም ቀልቷል። "እ... ትንሽ በዛ መሰለኝ። ውሃ አለ? ውሃ አምጡልኝ!"

"ውሃ ያባብሰዋል" አልኩና ጣሳዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ያቺን ጭላጭ። አላስፈቀድኳቸውም፤ ቅመሙን በንጹሕ ሻሽ ጠርጌ የኔን፣ እውነተኛውን፣ ግንባራቸውንና ጉንጫቸውን ቀባሁላቸው። ወይዘሮ በዛብሽ ትንፋሻቸውን ቀስ ብለው አወጡ።

"እሰይ... ምንድን ነው ይሄ? ምንም አይልም። ዝም ነው የሚለው።"

"ይሄ ነው የኔ ዘይት" አልኩ። "ዝም ነው የሚለው። ሥራው እሱ ነው።"

"ማስረጃ!" አለ ሮብሳን። "አሥር ፎርም ነው የተባለው፣ ዘጠኝ ነው ያላት። ቆጥሬዋለሁ!"

እውነቱን ነበር። ኦቦ ታፋ ቆጠሩ፤ ዘጠኝ። አሥረኛውን ነጩን ገልብጠው አዩት። "የወይዘሮ ቦንቱ ፎርም ባዶ ነው። ምርቱን አልተጠቀሙም ማለት ነው?"

አዴ ቦንቱ ከሦስተኛው ረድፍ ተነሡ። ማንም ሳይጠራቸው በወንበሮቹ መሀል መጡና ዳኞቹ ጠረጴዛ ፊት ሲደርሱ ላስቲክ ጫማቸውን አወለቁ። ከዚያ አንድ እጃቸውን እኔ ትከሻ ላይ ጣል አድርገው፣ ቀኝ እግራቸውን አንሥተው ተረከዛቸውን ለኦቦ ታፋ አሳዩ።

"ይኸውልህ ፎርሙ" አሉ። "አንብበው።"

ያ የተሰነጣጠቀ ማሳ ተዘግቷል። ለስልሶ፣ ወዝቶ፣ የሕፃን ተረከዝ ባይሆን እንኳ የሕፃን እናት ተረከዝ ሆኗል። እኔ ራሴ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ኦቦ ታፋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠጋ አሉ፣ ደግሞ አደረጉትና ጠጋ አሉ።

"እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ነው የቀባሁት" አሉ አዴ ቦንቱ። "ልጅቷ ብልቃጤን መልሱ አለች። 'ሚኣ ዱዋ ሂን ዴቢሳን' ይባላል፤ ባዶ ዕቃ አይመለስም። ጾም ነው ብዬ ዘይት ሞላሁላት። ፊቷን ትቀባዋለች ብዬ አልሞላሁም! ይቺ ሴትዮስ ምን ሆና ነው ምግብ ፊቷን የተቀባችው?"

"እኔ እንኳ ቅድም..." አሉ ወይዘሮ በዛብሽ።

ዳኞቹ አንገታቸውን አጋጥመው ተማከሩ። ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ኦቦ ታፋ ተነሥተው መዝገቡን አነበቡ፤ ያለ ሥርዝ ድልዝ። "ተወዳዳሪዋ ያቀረበችው ምርት ባለ ሁለት ደረጃ ሆኖ ተገኝቷል። ደረጃ አንድ ቆዳን ይቀሰቅሳል፣ ደረጃ ሁለት የተቀሰቀሰውን ያስተኛል። ደረጃ አንድን በማምረት የተባበሩት ወይዘሮ ቦንቱ ስለሆኑ ሼዱ ለሁለቱ በጋራ ተሰጥቷል።"

"ባለ ሁለት ደረጃ ሥርዓት በውጭም የታወቀ ነው" አለ መምህር ጫንያለው፣ ጋውኑን እያስተካከለ።

"አልቀበልም!" አልኩ። "የሽሮ ዘይት ለፊት ብዬ አልሸጥም። ሰው ይቃጠላል።"

"እንግዲያ ሼዱ ለሁለተኛው ይሰጣል" አሉ ኦቦ ታፋ። ሮብሳን ከወንበሩ ጫፍ ላይ ሆኖ ይጠብቅ ነበር፤ ዝናብ እንደሚጠብቅ ገበሬ።

አዴ ቦንቱ ትከሻዬ ላይ ያለውን እጃቸውን ጨበጥ አደረጉት። አጥንቴ ተሰማኝ። "ዝም በይ፣ ኢንታላ ኮ" አሉ በጆሮዬ። "ቤቱን ተቀበይ። ስለ ዘይቱ በኋላ ትጨቃጨቂያለሽ፤ ጭቅጭቅ የት ይሄድብሻል?"

ምክራቸው ኩራቴን አልነካውም። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው በደንብ አውቆኝ መከረኝ።

"በአንድ ነገር" አልኩ ለኦቦ ታፋ። "ብልቃጡ ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ የምጽፈው እኔ ነኝ።"

ኦቦ ታፋ መዝገባቸውን አገላበጡ። ስለ ጽሑፍ የተባለ ነገር የለም። ፊታቸው በራ። "እሱ ቃለ ጉባኤ ውስጥ የለም። እንደፈለግሽ።"

ሼዱ ውስጥ ከገባን አራት ወር ሆነን። ትሪዎቼ በመረጥኩት ግድግዳ ተደርድረዋል፤ ጥጉ ላይ አሁንም የኢቢሳ ክሪክ ነው፣ ማሽኑ እስኪመጣ። አዴ ቦንቱ ከወዲያ ጫፍ ኑጋቸውን ያቀምማሉ፤ እኔ ከወዲህ እየጮኽኩ መስኮት እከፍታለሁ፣ ሽታው ወደ ዘይቴ እንዳይገባ። ጽሑፉን እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ትልቅ ትልቅ አድርጌ። አንደኛው ላይ፤ "ቁጥር አንድ። ለድስት ብቻ። ፊት አይቀባም። ያቃጥላል።" ሁለተኛው ላይ፤ "ቁጥር ሁለት። ለቆዳ። አያነጣም። አያቃጥልም።"

ቁጥር ሁለትን ተረከዝ ያላቸው ሴቶች ይገዙታል፤ ገበያ በእግራቸው የሚሄዱ፣ አዴ ቦንቱ እግራቸውን አንሥተው ያሳመኗቸው። ቁጥር አንድን ግን ማነው የሚገዛው ብትሉ፣ ወይዘሮ በዛብሽ በካርቶን ይወስዱታል። ሳሎናቸው ውስጥ ጽሑፉን ልጠው ነው የሚያስቀምጡት አሉ። "ያቃጥላል" የሚለውን ብቻ ትተው።

ትናንት ሄጄ ተጣላኋቸው። "ጻፍኩ እኮ!" አልኳቸው። "ፊት አይቀባም ብዬ ጻፍኩ!"

"አስካልዬ፣" አሉኝ ደንበኛቸውን ጉንጭ እየቀቡ፣ "አንቺ ስለ ሰው አታውቂም።"

ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ሴት ዓይኗን ጨፍና፣ ጥርሷን ነክሳ፣ "እየሠራ ነው" አለች።

ጣሳዬን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላትና ወጣሁ። ዛሬ ጠዋት ጣሳዋን ሼዱ በር ላይ አገኘኋት፤ ታጥባ፣ በላስቲክ ታስራ። ሙሉ ናት። አሁን ተምሬያለሁ፤ መጀመሪያ ከፍቼ አሸተትኳት።

ቅቤ ነው። አዴ ቦንቱ ከወዲያ ጫፍ አንገታቸውን አሰገጉ።

"ምን ላከችልሽ?"

"ቅቤ፣ አዴ። የሰኔ ጾም መፈታቱን አውቃለች።"

"ጥሩ ሰው ናት" አሉ። "ፊቷ ይድናል።"